ግንቡን አድንቀን ቦዩን ረሳን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ከደሴ

የተከበራችሁ አዘጋጆች፤

በቅርቡ በጋዜጣችሁ ስለ ጥንታዊ የአሜሪካ ሕዝቦች የድንጋይ ሥራ ያወጣችሁትን አጭር ጽሑፍ በደስታ አነበብሁ። እንዲህ ያለ ጉዳይ በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይምና ስላወጣችሁት አመሰግናለሁ። ጽሑፉ ግን በፔሩ ያሉትን የማቹ ፒቹንና የሳክሳይዋማንን ግንቦች ካደነቀ በኋላ፣ በማንና እንዴት እንደ ተሠሩ «እስከ ዛሬ ያልተፈታ ምሥጢር ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር በሰፈራችን ብዙ አነጋገረች። ጎረቤት ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ አቦሉ ሳይቀዳ የተነሣው ክርክር በረካው አልቆ ረከቦቱ እስኪነሣ ድረስ አልበረደም፤ የጎረቤቴ ልጅም ስልኩን አውጥቶ፣ ግንቦቹን የሠሩት ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ናቸው የሚል ቪዲዮ አሳየን። ልጁን ልቆጣው ዳድቶኝ ነበር፤ ነገር ግን መነሻው የእናንተው ጽሑፍ ስለ ሆነ ቁጣዬን ትቼ ይህን ደብዳቤ መጻፍ መረጥሁ።

እኔ የታሪክ ሊቅ አይደለሁም። ከ30 ዓመት በላይ በወሎ ገጠር በአፈርና ውኃ ጥበቃ ባለሙያነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ አባቴም ድንጋይ ጠርቦ ያሳደገኝ ግንበኛ ነበር። ስለ እነዚያ ሕዝቦች የማገኘውን ሁሉ ለብዙ ዓመታት ሳነብ የኖርሁትም በሥራዬ ምክንያት ነው። ካነበብሁት የተረዳሁት፣ ትልቁ የምሕንድስና ሥራቸው ፎቶግራፍ የሚነሣው ግንብ ሳይሆን ከግንቡ ሥር የተቀበረው የውኃ መውረጃ መሆኑን፣ ከዚያም በላይ መውረጃውን እየጠረገና የፈረሰውን እየጠገነ ለልጅ የሚያወርሰው ሥርዓት መሆኑን ነው። ጽሑፋችሁ ይህን አላነሣውም።

አስቀድሜ «ምሥጢር» ስለ ተባለው ልናገር። ዣን ፒየር ፕሮትዘን የሚባሉ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ መምህር የነበሩ ሰው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፔሩ ድረስ ሄደው ኢንካዎች የሚባሉት የግንቦቹ ሠሪዎች ድንጋይ ያወጡባቸውን ሥፍራዎች መረመሩ። በሥፍራዎቹ ላይ ከአካባቢው ድንጋይ ጋር የማይመሳሰሉ፣ ከወንዝ ዳር የመጡ ጠንካራና ድቡልቡል ድንጋዮች ተበትነው አገኙ፤ የጥንቶቹ ጠራቢዎች መዶሻዎች እነርሱ ነበሩ። ፕሮትዘን ራሳቸው አራት ኪሎ ገደማ የሚመዝን እንዲህ ያለ ድንጋይ ይዘው አንድ ያልተጠረበ ድንጋይ ቢቀጠቅጡ፣ ሦስት ገጹን አስተካክለው ጠርዞቹን ለማውጣት ከ90 ደቂቃ በላይ አልፈጀባቸውም። ብረትም አላስፈለጋቸውም። መዶሻው በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ነጥሮም ይመለሳል፤ የጠራቢው ሥራ አቅጣጫውን መምራት ነው። ይህን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። እርሱም ድንጋይ ላይ መዶሻውን በጉልበት አያሳርፍም ነበር፤ ይጥለውና ሲነጥር ይቀበለዋል። ጀማሪ ግንበኛ እኩለ ቀን ሳይሆን ክንዱ ሲዝል እርሱ እስከ ማታ የሚዘልቀው በዚሁ ነበር።

ማጓጓዙም ቢሆን ምልክቱ በመንገድ ላይ ቀርቷል። ኦያንታይታምቦ በሚባለው የኢንካ ሥፍራ ያሉት ግዙፍ ድንጋዮች የወረዱት ከወንዝ ማዶ ካለ ተራራ ወገብ ሲሆን፣ ከማውጫው እስከ ሕንፃው ባለው መንገድ ዳር፣ ሳይደርሱ የቀሩ ድንጋዮች ዛሬም ተጋድመው ይታያሉ። የአገሩ ሰው «የደከሙ ድንጋዮች» ይላቸዋል። ከሌላ ዓለም የመጣ ኃይል ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ ባልደከመ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አገሩን ዞሮ ያየው ስፔናዊ ጸሐፊ ፔድሮ ሲዬሳ ዴ ሌዮንም ስለ ሳክሳይዋማን ሲጽፍ፣ 4,000 ሰዎች ድንጋይ ሲያወጡና ሲጠርቡ፣ 6,000 ሰዎች ደግሞ በወፍራም ገመድ ሲጎትቱ እንደ ነበር መዝግቧል። ከግንቡ ትልልቅ ድንጋዮች አንዳንዱ ከ100 ቶን በላይ እንደሚመዝን ስናስብ የሰዉ ብዛት አያስገርምም። እንግዲህ ምሥጢሩ ገመድ፣ ትከሻና ትዕግሥት ነበር ማለት ነው።

ለእኛ ለወሎ ሰዎች ይህ ነገር እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። የላሊበላን 11 አብያተ ክርስቲያናት ያነጹት ከባሕር ማዶ የመጡ ፈረሰኞች ናቸው ብለው የጻፉ የውጭ ሰዎች አሉ፤ ስንሰማ እንቆጣለን፣ ልንቆጣም ይገባናል። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ሰው ቀን ሲሠራ ውሎ ሌሊት መላእክት ይቀጥሉበት እንደ ነበር ይናገራል፤ ትውፊቱ እንኳ የቀኑን ድርሻ ከሰው እጅ አልወሰደም። ታዲያ ለራሳችን አያቶች ሲሆን የሚያስቆጣንን ነገር ለፔሩ ገበሬ አያቶች ሲሆን ከቡና ጋር እያጣጣምን መቀበላችን አሳፍሮኛል።

ላሊበላን ካነሣሁ አይቀር፣ ወደ ዋናው ጉዳዬ የሚያገባኝም እርሱ ነው። ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው ዓይኑ በቤተ ጊዮርጊስ መስቀል ላይ ያርፋል እንጂ፣ ያ ሁሉ ጉድጓድ በክረምት ለምን ኩሬ እንደማይሆን የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ከመሬት ወለል በታች ሕንፃ የፈለፈለ ሰው የመጀመሪያ ጠላቱ ውኃ ነው። ስለዚህ ጠራቢዎቹ ጎርፉ የሚወርድበትን መሄጃ ከሕንፃው ጋር አብረው አስበዋል፤ ሁለቱን የአብያተ ክርስቲያናት ምድቦች የሚለየው፣ ዮርዳኖስ የሚባለው ሰው ሠራሽ ቦይም ዛሬ ድረስ አለ። የማቹ ፒቹን ነገር የተረዳሁት በዚህ በኩል ነው።

ማቹ ፒቹ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በንጉሡ በፓቻኩቲ ዘመን እንደ ተሠራች ይታመናል። ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ላይ፣ በሁለት ጫፎች መካከል በተዘረጋ ጠባብ ኮርቻ ላይ ተቀምጣለች፤ ከፍታዋ ከደሴ ብዙ አይርቅም። ዝናቧ ግን ሌላ ነው፤ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን የደሴን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። በዚህ ሁሉ ላይ ቁልቁለቱ እጅግ ጥድፍ ነው። ለአንድ የአፈር ጥበቃ ባለሙያ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ከተማ ሥራ ብትሉት «ቦታ ቀይሩ» ነው የሚላችሁ፤ እኔም እንዲሁ እላችሁ ነበር።

ኬነዝ ራይት የሚባሉ አሜሪካዊ የውኃ መሐንዲስ ከፔሩው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ከአልፍሬዶ ቫሌንሲያ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያደረጉት ጥናት፣ የከተማዪቱን ሥራ 60 በመቶ ያህሉ ከመሬት በታች እንደ ተቀበረ ገምቷል፤ መሠረትና የውኃ ማፍሰሻ ማለት ነው። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ያነበብሁ ዕለት መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ቱሪስቱ ሁሉ ከሩቅ አገር ሄዶ የሚያደንቀው ከሥራው ግማሹን እንኳ የማይሞላውን ክፍል ነው።

እርከኖቹ ሲቆፈሩ የታየው እንዲህ ነው። ከካቡ ጀርባ፣ ከታች ትልልቅ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ከእርሱ በላይ ጠጠር፣ ከጠጠሩ በላይ አሸዋማ አፈር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለዘር የሚሆነው ለም አፈር ተደልድሏል። ዝናቡ በለሙ አፈር ይመጠጣል፣ የተረፈው በአሸዋውና በጠጠሩ ተጣርቶ ወደ ታች ይሰርጋል እንጂ ካቡን ወደ ውጭ አይገፋውም። በከተማዋ መካከል ባለው ሜዳ ሥርም ሕንፃ ሲጠረብ የተራረፈው ፍላጭ ድንጋይ በወፍራሙ ተነጥፎ ውኃ እንዲያሰርግ ተደርጓል፤ እኛ በየግንባታው ዳር ከምረን የምንሄደው ፍላጭ ማለት ነው። በግንቦቹ ላይ ወደ 130 የሚደርሱ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ተቆጥረዋል። ለመጠጥ ደግሞ ከተራራው ምንጭ 749 ሜትር የሚረዝም የድንጋይ ቦይ ተስቦ ከደረጃው ጋር የሚወርዱ 16 ፏፏ የሚሉ መቅጃዎችን ይመግባል። የቆሸሸው ጎርፍ ከመጠጡ ውኃ ጋር እንዳይገናኝም መውረጃው ለብቻው ተለይቷል። ይህን የሠራ ሰው የጻፈው ስሌት አልተገኘም፤ ዲዛይን የተሣለበት ወረቀትም አልነበረም። ከተማዋ ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ተትታ ለአራት መቶ ዓመታት ገደማ በጫካ ተውጣ ከቆየች በኋላም ቦዮቹ ሲጠረጉ ውኃ ወርዶባቸዋል።

ይህን በዚህ ያህል ዝርዝር የምጽፈው ከራሴ ስሕተት የተነሣ ነው። በ1978 ዓ.ም. ገና ወጣት ባለሙያ ሳለሁ፣ በአንድ የደጋ ቀበሌ ውስጥ በምግብ ለሥራ የተሰበሰበ ብዙ ሕዝብ ይዤ የድንጋይ እርከን አሠራሁ። በትምህርት ቤት እንደ ተማርሁት፣ በውኃ ልክ እየለካሁ መስመሩን አወጣሁ፤ ካቡ ያማረ ነበር፤ ሊጎበኙ የመጡ ሰዎችም አጨበጨቡልን። ከላይ ከግጦሹ የሚመጣውን ውኃ የሚይዝ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ግን አልቆፈርሁም፤ ጊዜ አጠረ፣ የሚጠየቀው ሪፖርትም ስንት ኪሎ ሜትር እርከን እንደ ተሠራ እንጂ ስንት ሜትር ቦይ እንደ ተቆፈረ አልነበረም። በሐምሌ አጋማሽ አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ የላይኛው ካብ ተደረመሰ፤ እርሱ የያዘው ውኃ ሁለተኛውን ጣለ፤ ሁለተኛው ሦስተኛውን። ሲነጋ ብንሄድ የአንድ አዛውንት የስንዴ ማሳ በድንጋይ ተቀብሮ፣ በመካከሉ ሰው የሚውጥ ፈረፈር ተከፍቶ አገኘን።

አዛውንቱ ይቆጡኛል ብዬ ስፈራ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ «ልጄ፣ ካቡስ ደግ ነበር፤ ግን ውኃውን መንገድ ነሣኸው፤ መንገድ የነሡት ውኃ ደግሞ መንገድ ያበጃል» አሉኝ። ያን ማሳ ለማንሣት በወንፈል ሦስት ሳምንት ፈጀብን። እኔም ከዚያ ወዲህ እርከን ከማየቴ በፊት ቦይ እፈልጋለሁ።

ስለ ግንቡም ቢሆን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። የእኛ አገር ሰው ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ያውቃል፤ በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬንና ማጀቴን የመታው መንቀጥቀጥ ከአባቶቻችን አፍ ሲወራ ያደግን ነን። ኩስኮ የምትባለው የኢንካዎች ዋና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1950 በብርቱ መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ ስፔኖች በኢንካው የፀሐይ መቅደስ በኮሪካንቻ ላይ የሠሩት የሳንቶ ዶሚንጎ ቤተ ክርስቲያንና ገዳም ክፉኛ ሲጎዳ፣ ከሥሩ ያለው የኢንካ ግንብ ቆመ። ምክንያቱ ተአምር አይደለም። ግድግዳው ወደ ውስጥ ጥቂት ያዘነብላል፤ በሩና መስኮቱ ከታች ሰፍቶ ከላይ ይጠባል፤ ድንጋዮቹ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ አንዱ በሌላው ወገብ ላይ ተገጣጥመው ስለ ተቀመጡ፣ ምድር ስትናወጥ ጥቂት ተነቃንቀው ተመልሰው ቦታቸውን ይይዛሉ። አባቴ ቱምቢውን ጥሎ ቀጥ ያለ ግድግዳ ካላየ አይተኛም ነበር፤ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚለኝ እንጃ።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ስለ ኢንካዎች ነው፤ እነርሱ ግን የሚታወቁት ከሁሉ በኋላ የመጡ ስለ ሆኑ ነው። በፔሩ የባሕር ዳርቻ ካራል በምትባለው ሥፍራ ከዛሬ 5,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች፣ ከሣር በተሠራ መረብ ከረጢት ውስጥ ድንጋይ እየሞሉ የፒራሚዶቻቸውን ሆድ ይጠቀጥቁ ነበር፤ ከረጢቱ ድንጋዩን ሰብስቦ ስለሚይዘው ምድር ስትናወጥ ሙሌቱ አይንሸራተትም። በወንዞቻችን ዳር የምንደረድረውን፣ በሽቦ መረብ ድንጋይ የታሠረበትን ጋቢዮን ያየ ሰው ሐሳቡን ወዲያው ይረዳዋል።

ወደ ሜክሲኮ ስንሻገር ነገሩ የባሰ የውኃ ነገር ይሆናል። አዝቴኮች እ.ኤ.አ. በ1325 እንደ መሠረቷት የሚነገርላት ቴኖችቲትላን የተሠራችው በቴክስኮኮ ሐይቅ መካከል ባለ ደሴት ላይ ነበር። የሐይቁ ከፊል ጨዋማ ነበርና፣ ክፉ ጎርፍ ካጥለቀለቃት በኋላ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የቴክስኮኮው ገዥ ኔሳዋልኮዮትል 16 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ግድብ በሐይቁ ውስጥ አስዘረጋ፤ ግድቡ ጎርፉን ያግዳል፣ ጨዋማውንም ከጣፋጩ ይለያል። የመጠጥ ውኃዋ ከቻፑልቴፔክ ምንጭ በመስኖ ቦይ ይመጣ ነበር። እዚህ ላይ ነው እኔን የገረመኝ፦ ቦዩ ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት መስመሮች ነበሩት። አንደኛው ውኃ ሲያመጣ ሁለተኛው ባዶ ይሆናል፤ የሚሠራው ሲቆሽሽ ውኃው ወደ ንጹሑ ይዞርና የቆሸሸው ይጠረጋል። እ.ኤ.አ. በ1519 ከተማዋን ያየው የስፔን የጦር መሪ ኤርናን ኮርቴስ ለንጉሡ በላከው ደብዳቤ ላይ ይህን ጽፎታል። ሥራውን ያቀደው ሰው ቦይ እንደሚቆሽሽ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር፤ መጥረጉን ከሥራው ክፍል አድርጎ ሠራው። እኛ ስለ ማስመረቅ እንጂ ስለ መጥረግ አናስብም።

ከዚያ የሆነውም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1521 ከተማዋ በስፔኖች ስትያዝ ግድቡ ተሰባበረ፤ አዲሶቹ ገዥዎች ሐይቁን እንደ ጠላት ቆጥረው ሊያደርቁት ሲታገሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1629 የመጣው ጎርፍ በቴኖችቲትላን ቦታ የተተካችውን ሜክሲኮ ሲቲን አጥለቅልቆ ለአምስት ዓመት ያህል አልለቀቀም። ሐይቁ ላይ በጭቃና በዕፀዋት ተደልድለው የተሠሩት ቺናምፓ የሚባሉ እርሻዎች ግን፣ ገበሬው የቦዩን ደለል እየዛቀ ማሳው ላይ ስለሚያወጣ ቦዩም ሳይደፈን፣ ማሳውም ሳይሳሳ፣ በሶቺሚልኮ በኩል እስከ ዛሬ ይታረሳሉ።

ደላንታንና ለጋምቦን የሚያውቅ ሰው ውርጭ ገብስን በአንድ ሌሊት እንዴት እንደሚያጠፋው ልነግረው አያስፈልገኝም። በፔሩና በቦሊቪያ መካከል ባለው በቲቲካካ ሐይቅ ዙሪያ፣ ከ3,800 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ፣ የጥንት ገበሬዎች ማሳውን ከፍ አድርገው ይደለድሉና በዙሪያው የውኃ ቦይ ይቆፍሩ ነበር፤ ዋሩ ዋሩ ይሉታል። ቦዩ ውስጥ ያለው ውኃ ቀን የፀሐይን ሙቀት ጠጥቶ ሌሊት ስለሚለቀው ውርጩ ይሰበራል። ይህ እርሻ ለብዙ መቶ ዓመታት ተረስቶ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎችና የልማት ድርጅቶች ከገበሬው ጋር ሆነው መልሰው አለሙት፤ ድንቹም አማረ። ነገር ግን ለጉልበቱ ይሰጥ የነበረው ድጋፍ ሲቋረጥ ከታደሱት ማሳዎች ብዙዎቹ እንደገና ተተዉ። ይህን ሳነብ የእኛን ስንዴና ዘይት አስታወስሁ። ስንዴው እስከ መጣ ድረስ እርከን ይሠራል፤ ስንዴው ሲቀር እርከኑን የሚያየው ፍየል ብቻ ነው።

ድጋፍ ሳይኖረው የዘለቀው ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው የማሳየው የሣር ድልድይ ነው። የኢንካዎች መንገድ ከ30,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝም ነበር፤ ዛሬ ስድስት አገሮች በጋራ በዓለም ቅርስነት ያስመዘገቡት ነው። በገደሎቹ ላይ የተዘረጉት ድልድዮች ከሣር በተገመደ ገመድ የተሠሩ ነበሩ፤ በአፑሪማክ ወንዝ ላይ የነበረው ትልቁ 45 ሜትር ገደማ ይረዝም ነበር። ከእነዚያ አንዱ ቄስዋቻካ የሚባለው፣ 28 ሜትር ያህል የሚረዝመው፣ እስከ ዛሬ አለ፤ ይሁን እንጂ ዕድሜው ከአንድ ዓመት አይበልጥም። በየዓመቱ በሰኔ የአራት ቀበሌ ሰዎች ተሰብስበው፣ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የየድርሻውን ቀጭን ገመድ ይዞ ይመጣል፤ ሴቶቹ ቀጭኑን ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ እርሱን እየገመዱ እንደ ጭን የወፈረ ያደርጉታል፤ አሮጌው ድልድይ ተቆርጦ ወንዝ ውስጥ ይጣልና አዲሱ በሦስት ቀን ይዘረጋል። ሣሩ በደጋችን ካለው ከጓሳ ጋር በጠባዩ የሚቀራረብ የደጋ ሣር ነው። እናቶቻችን ጓሳ ሲገምዱ ያየ የእኛ ደገኛ ያን ሥራ ቢያይ ሳይነገረው ገብቶ ይሠራ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሰዉ ሳይሰበሰብ ቀረ። ድልድዩ ሳይታደስ አንድ ክረምት አለፈበት፤ በመጋቢት 2021 ተበጠሰና ወንዝ ውስጥ ወደቀ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ተሰብስበው መልሰው ዘረጉት። አምስት መቶ ዓመት የቆየ የሚባለው ነገር እንግዲህ ምንድን ነው? ሣሩ አይደለም። ሣሩን በሰኔ የሚገምደው ቃል ኪዳን ነው እንጂ፤ እርሱ አንድ ዓመት ቢጓደል ድልድዩ አልጠበቀም።

ይህን ስል የዚያን ዘመን ሥርዓት ሁሉ አመስግኜ አይደለም። ኢንካዎች ሚታ በሚሉት የግዴታ ሥራ ሕዝቡን በየተራ ያሠሩ ነበር፤ መንግሥቱ ሰውን ከቀዬው ነቅሎ ሌላ አገር ያሰፍር ነበር፤ በግዴታ የተሠራ ሥራ ምን እንደሚመስልና ሰፈራ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም። በሬ፣ ፈረስና በቅሎ ስለ ሌላቸው፣ ላማ የሚባለው እንስሳቸውም 30 ኪሎ ያህል እንጂ ከዚያ በላይ ስለማይሸከም፣ የቀረው ሁሉ በሰው ትከሻ ወርዷል። ይህንም ለሚያደንቀው አንባቢ መንገር ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ሲመጣ ሕዝባችን ወጥቶ እርከን ይሠራል፤ በብዙ ተፋሰሶች የተጎዳ መሬት አገግሞ፣ ምንጭ ተመልሶ አይቻለሁ፤ ይህን የካደ ሰው ያላየ ነው። የሪፖርታችን ቅጽ ግን እኔ በ1978 ዓ.ም. ከሞላሁት ብዙም አልተለየም፤ አዲስ የተሠራ ኪሎ ሜትር የሚጻፍበት ሣጥን ሰፊ ነው፣ የታደሰ አሮጌ እርከን የሚጻፍበት ሣጥን ወይ ጠባብ ነው፣ ወይ የለም። በዚህ ምክንያት ያምናው ካብ ተንዶ ከጎኑ የዘንድሮው ሲካብ አይቻለሁ፤ ሁለቱም በየዓመታቸው እንደ አዲስ ተቆጥረዋል። ቆጣሪው እኔም ነበርሁበት።

በከተማችንም ያው ነው። ደሴ ከጦሳ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከተራራው የሚወርደው ውኃ ሁሉ በእኛ በኩል ነው ወደ ቦርከና የሚያልፈው። እኔ በምኖርበት ሰፈር ከጥቂት ዓመታት በፊት በድንጋይ የተገነባ ጥሩ የጎርፍ መውረጃ አለ፤ ሲመረቅ ሪባን ተቆርጧል። ዛሬ ግማሹ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቷል፣ በከፊሉም ላይ ሱቅ ተሠርቶበታል፤ ማን እንደሚጠርገው ብጠይቅ ሁሉም ሌላውን ያሳየኛል። ባለፈው ክረምት ውኃው ወደ ጎረቤቴ ግቢ ገባ፤ ያ ቪዲዮ ያሳየን ልጅ በባልዲ ሲቀዳ አደረ። በማግሥቱ ስለ ማቹ ፒቹ 130 ቀዳዳዎች ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሞና አዳመጠኝ።

ስለዚህ ከእናንተ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ «ምሥጢር» ያላችሁትን በሚቀጥለው እትም በጥቂት መስመር እንድታርሙልን ነው፤ ሠሪዎቹ የታወቁ ናቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውም ኬችዋ እየተናገሩ በዚያው ተራራ ላይ ያርሳሉ። ሁለተኛው፣ ስለ ማቹ ፒቹ ሌላ ጊዜ ስትጽፉ ከዳመና መካከል ብቅ ያለውን ያን ሁላችንም የምናውቀውን ፎቶግራፍ ትታችሁ፣ ከአንዱ እርከን ካብ ግርጌ ያለችውን የውኃ መውጫ ቀዳዳ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ብታወጡልን ደስ ይለናል። ያቺን ቆርጬ ለቀበሌያችን ስብሰባ ይዣት እሄዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ባለሙያ
ደሴ፣ ወሎ